ውኃው ከእኛ በፊት መንገድ ነበረው

እንጅባራ ክረምቱን ቀድማ ትጀምራለች፣ ዘግይታ ትጨርሳለች። ከግንቦት እስከ መስከረም መጨረሻ ጃንጥላና ቦት ጫማ ከበራችን ጥግ አይጠፉም። ይህንን እያወቅን ነው ከአራት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ ከከተማው ዳር ቤት የሠራነው። ከአጥራችን በላይ የጤፍ ማሳና ተዳፋቱን የሸፈነ የዲከረንስ ደን፣ ከጎናችን ደግሞ የአንድ አዛውንት አርሶ አደር የድንች መሬት ነበር። ልጆቻችን «አባባ» ይሏቸዋል።

በመጀመሪያው ክረምት፣ በሐምሌ አንድ ሌሊት፣ ውኃ በጓሮ በር ገባ። መብራት የለም። ሁለቱን ልጆች አልጋ ላይ አቆምናቸውና በባልዲ ስንቀዳ አነጋን። ጠዋት ሳሎኑ ቀይ ጭቃ ለብሷል፤ የልጆቹ ደብተሮች ተጣብቀዋል። ያን ዓመት ከላይ ያለው ዲከረንስ ለከሰል ተቆርጦ ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ እዚያ ላይ ጣልን።

ከዚያ ብዙዎቻችን የምናደርገውን አደረግን። ግንበኛ ጠራንና የአጥሩን ሥር በድንጋይና በሲሚንቶ ደፈንነው። በቀጣዩ ክረምት አንድ ጠብታ አልገባም። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ግንቡን እያሳየሁ ስኮራ ነበር።

ነሐሴ ላይ አባባ መጡ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብለው ወደ ማሳቸው ወሰዱኝ። ግንባችን ያገደው ውኃ አጥሩን ታክኮ ዞሮ ድንቹን መሐል ለመሐል ሰንጥቆታል። የዓመት ቀለባቸው ከነአፈሩ ተጠርጎ ሄዷል። ጎርፉ የቆመው ከጎተራቸው ሁለት እርምጃ ሲቀረው ነው። የእኔ ሳሎን የደረቀው የእሳቸው ማሳ ታጥቦ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ። የምናገረው ጠፋኝ።

ቀጥለው ወደ ላይ ወጣንና ፈሰሱን አሳዩኝ። ፈሰስ ገበሬው ከዘራ በኋላ ማሳውን በሰያፍ አቋርጦ በማረሻ የሚያወጣው ጠለቅ ያለ ቦይ ነው፤ ትርፍ ውኃው ሰብሉን ሳያበሰብስ በዚያ ይወጣል። «ከላይ ያለው ፈሰስ ሁሉ የሚያርፈው እናንተ ቤት በሠራችሁበት ቦታ ነበር» አሉኝ። «ሳር ነበር። በሬ አንጠምድበትም፤ ለውኃ የተተወ ነው።»

የቤታችን ካርታ 200 ካሬ ሜትር ይላል። ውኃው በየት በኩል እንደሚያልፍ ግን አይናገርም። እኛም አልጠየቅንም።

ጥፋቱም የዲከረንሱ ብቻ አልነበረም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 40 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 4,000 ሊትር፣ ማለትም ሃያ በርሜል ያወርዳል። ድሮ ሳሩና አፈሩ ብዙውን ይጠጡት ነበር። አሁን በሰፈራችን ጣሪያው በዝቷል፣ ግቢው ሁሉ ሲሚንቶ ሆኗል። እንደ እንጅባራ ባለ ተዳፋት ይህ ውኃ ይሮጣል፤ እንደ ዳንግላ ባለው ሜዳ ደግሞ መውጫ ካጣ ተኝቶ ይውላል።

በዚያው ዓመት መስከረም ከጓሮ ለኪራይ ልንሠራ ያሰብነውን ሰርቪስ ቤት ተውነው። ለባለቤቴ ቀላል አልነበረም፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በኪራዩ ሊሸፍን ቆርጦ ነበር። በምትኩ ግንቡን ከላይና ከታች ከፍተን ፍርግርግ ብረት አስገባንበት። በሁለቱ መሐል ሁለት ሜትር ስፋት ያለው፣ እንደ ሰፌድ ለስለስ ብሎ የጎደጎደ የውኃ መውረጃ አወጣንና ሳር አለበስነው። ሲሚንቶ ያላደረግነው ሲሚንቶ ውኃን ስለሚያስሮጥ ነው፤ ሳር ግን ያዘገየዋል፣ ከፊሉንም መሬት እንዲጠጣው ጊዜ ይሰጣል። ዳርና ዳሩን ደሾ ሳር፣ ከታች በኩል ቀርከሃ ተከልን። ጣሪያው ላይ አሸንዳ አድርገን ሁለት ሺህ ሊትር ታንከር አቆምን። የግቢውን ሲሚንቶ አንስተን በመሐሉ ሳር የሚበቅልበት ድንጋይ አነጠፍን።

አባባም በበኩላቸው ቀጥ ብሎ ይወርድ የነበረውን ፈሰሳቸውን አዞሩት፤ ቁልቁል የተለቀቀ ፈሰስ ራሱ ቦረቦር ይሆናል። በየመሐሉ ትናንሽ የድንጋይ ክትር ሠሩበት። ሁለቱ ልጆቻችን ድንጋይ አቀባይ ነበሩ።

በሦስተኛው ክረምት ግን ሌላ ትምህርት መጣ። ውኃው በግቢያችን በሰላም አልፎ መንገድ ዳር ካለው ዲች ደረሰ፤ ዲቹ በፕላስቲክ ጠርሙስና በደለል ተደፍኖ ስለነበር ተመልሶ የታችኛው ጎረቤት ግቢ ገባ። ለካ የአንድ ቤት መፍትሔ እስከ አጥሩ ድረስ ብቻ ነው! ነገሩን ለእድር አቀረብነው። ዛሬ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሰፈሩ ወጥቶ ዲቹን ይጠርጋል። አምስት ቤቶች ለውኃው ማለፊያ ለቀቁ። አንዱ ጎረቤታችን ግን እምቢ አሉ፤ «ሁለት ሜትር ማለት አንድ ክፍል ነው» አሉን። አልፈረድኩባቸውም። እኔም እዚያው ነበርኩ።

ለዚህ ነው ነገሩ በጎረቤት በጎ ፈቃድ ብቻ የማይዘለቀው። የአገራችን የከተማ ፕላን መመሪያ ከመሬቱ 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። ያ አረንጓዴ ቦታ የትም ቢውል ቁጥሩ ይሞላል፤ ቤት የሚያድነው ግን ውኃው በሚያልፍበት ላይ ሲውል ነው። ከማሳው የሚመጣው ጎርፍ ከተማው ጫፍ ላይ በመቀልበሻ ቦይ ተይዞ፣ በሳር መውረጃ ወደ ወንዙ ሊሸኝ ይገባል። ያም ገበሬውና የከተማው ሰው አንድ ላይ ካልተቀመጡ አይሆንም።

ዝናቡ የግድ በራሳችን ሰማይ ላይ መዝነብ የለበትም። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋ ላይ ከ250 በላይ ሰዎችን የወሰደው የደቻቱ ጎርፍ የመጣው ከላይ ካሉት የሐረርጌ ከፍታዎች ነው። ቻይናም ከተደጋጋሚ የከተማ ጎርፍ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 በ16 ከተሞች «የስፖንጅ ከተማ» ሙከራ ጀምራለች፤ ከሲሚንቶ ቦይ ይልቅ ውኃ የሚመጡ ፓርኮችና ረግረጎች ማለት ነው። ይህን ሳነብ የመጡልኝ አባባ ናቸው፤ «ለውኃ የተተወ» ያሉት ሳር።

ቦታ ልትገዙ ወይም ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ በበጋ አይታችሁ አትወስኑ። ዝናብ እየዘነበ ሂዱ። ከአካባቢው በዕድሜ የገፋውን ሰው ፈልጋችሁ «እዚህ ድሮ ምን ነበር?» በሉ። «ሳር ነበር፣ አይታረስም» ካሏችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

እኔ አሁንም ዝናቡ ሲበረታ ሌሊት እነቃለሁ። ልጆቹን አያለሁ፣ ሳሎኑን አያለሁ። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ የአባባን ጎተራ ሳላይ አልተኛም።