ያለ አውቶሞቢል የሚደረግ የጫጉላ ጉዞ

ሰርጋችን ሲቃረብ፥ ከጫጉላ በኋላ ስለምንጐበኘው አገር ሁለታችን ተመካከርን። አስቀድመን በታንኳ የጣናን ደሴቶች ለማየት አስበን ነበር፤ ነገር ግን ወደ ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት ስለማትገባ፥ በመዠመሪያው ጉዟችን እንዳንለያይ ብለን ለኋላ አቆየነው።

ስለዚህ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከቈረቈሩት ከደብረ ብርሃን ተነሥተን፥ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ አንኮበር በእግርና በበቅሎ እንሄዳለን። በገደሉ አፋፍ ጭላዳ ሲግጥ እናያለን፤ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኰረብታ ላይም ሆነን የአፋርን ቈላ ቍልቍል እንመለከታለን።

ዘመዶቻችን «ሙሽራን ማድከም ነው» ብለው ነቀፉን። እኛ ግን አውቶሞቢል ቶሎ ያደርሳል እንጂ ባልና ሚስትን አያስተዋውቅም እንላለን፤ ከዳገቱ ላይ ማን ማንን እንደሚጠብቅ፥ በቅሎዪቱንም ማን ለማን እንደሚለቅ በመንገድ ይታያል። አንዲት በቅሎ ብቻ ያዘጋጀነውም ስለዚሁ ነው።