የመንገዱና የቤቱ ሐቅ



በዚህ ዓምድ ስለ ሶላት፣ ስለ ዘካ፣ ስለ ወጣቶቻችን ሥነ ምግባር ብዙ አንብበናል። እኔ ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግኩት ግን ስለ መንገድ ነው፤ ይኸውም ቤትንና ልጆችን ትቶ ስለሚኬድበት የሥራ መንገድ። የተማርኩት ቁርኣን ቤት ነው፤ ቀጥሎም በመድረሳ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት ጨርሻለሁ። ኮሌጅ አልገባሁም፤ ስለዚህ ከአጻጻፌ ጉድለት ቢገኝ እንደምታልፉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

በሐዋሳ ከተማ መድረሳ ውስጥ አስተምራለሁ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለሁት እዚሁ ነው። በ2004 ዓ.ም. በገጠር ያሉትን መድረሳዎች እየዞርኩ እንድጎበኝ ተጠየቅሁና በደስታ ተቀበልኩ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ኪታብና ጠመኔ ማድረስ፣ የሕፃናቱን ንባብ ማድመጥ፣ ለአስተማሪዎቹ የሁለትና የሦስት ቀን ሥልጠና መስጠት፣ ሲመለሱም ሪፖርት መጻፍ። ይህ ግን በወር ውስጥ አሥር፣ አንዳንዴም አሥራ አምስት ቀን ከቤት ውጪ ማደር ማለት ነው።

አገሩን ለምታውቁ ጉዞው እንዲህ ነው። ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባሱ ሳይሞቅ ይደርሳል። ከሻሸመኔ ወደ ባሌ ሮቤ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ሽቅብ ስትወጡ ሙቀቱ እየለቀቃችሁ ይሄድና ኮፈሌ ስትደርሱ ጋቢ ያስፈልጋችኋል። እስከዚያ አስፋልት ነው። ከኮፈሌ ወደ ኮኮሳ ሲታጠፉ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ጭጋግ፣ እንሰት፣ ላምና ፈረስ። ዝናቡ ሲጠና አይሱዙው ጭቃ ላይ ይቆምና ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል። ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ወይም በፈረስ ነው። እኔ የሞቃት አገር ሰው ነኝ፤ ፈረስ ላይ መቀመጥን የተማርኩት በሠላሳ ዓመቴ፣ ሕፃናት እየሳቁብኝ ነው።

እዚያ ያሉት መድረሳዎች አብዛኞቹ ጭቃ ምርግ፣ ቆርቆሮ ክዳን ናቸው። ዶፍ ሲጥል የቆርቆሮው ድምፅ የኡስታዙን ድምፅ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ዝናቡ እስኪያባራ ሁሉም ዝም ብሎ ይቀመጣል። በአንዳንዱ ዛሬም ሕፃናቱ በሉሕ ይማራሉ። ሉሑን አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ አዲሱን ትምህርት ይጽፉበታል። ገብስ ሲታጨድ ግማሹ ክፍል ባዶ ይሆናል። ከብት የሚጠብቀው ልጅ ጠዋት ታናሽ ወንድሙን ይልካል፤ ከሰዓት ደግሞ ራሱ ይመጣል፤ በአንድ ስም ሁለት ልጆች ይማራሉ ማለት ነው። ደብተሬ ላይ በዚህ ዓይነት የተመዘገቡ ብዙ አሉ። ከመካከላቸው ቁርኣንን አኽትመው ዛሬ በየመንደራቸው የሚያስተምሩ አሉ፤ አልሐምዱሊላህ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም። ገጠር ስደርስ እከበራለሁ። «ኡስታዝ መጡ» ይባላል፤ ወተት ይቀርባል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ሽማግሌ ይነሣልኛል። ቤቴ ስገባ ግን የሚጠብቀኝ ያልተከፈለ የውሃ ሒሳብ፣ የሚያፈስ ጣራና የታመመ ልጅ ነው። መንገዱ ይከብዳል እያልኩ ለባለቤቴ አማርር ነበር፤ ነገር ግን ቦርሳዬን ባነሣሁ ቁጥር ልቤ ቅልል ይል እንደነበር አላህ ያውቃል። ለአላህ ብዬ ነው የምሄደው የምለው ሁሉ ለአላህ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ስልክ አለ ትሉ ይሆናል። አለ። እኔ ከማድርባቸው መንደሮች በአንዱ ኔትወርክ የሚገኘው ከመስጊዱ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ነው። ከዒሻ በኋላ ባትሪ ይዤ ወጥቼ ስደውል ልጆቹ ተኝተዋል። ባለቤቴ «ደህና ናቸው» ትለኛለች፤ እኔም «አልሐምዱሊላህ» ብዬ እወርዳለሁ። ስምንት ዓመት ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ «ደህና ናቸው» በምትል ቃል ነው።

ከዚያ 2012 ዓ.ም. መጣ። መጋቢት 7 ቀን በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጉ ተባለ፤ አሥራ አምስቱ ቀን ወራት ሆነ። መድረሳችንም ተዘጋ፣ ጉዞውም ቆመ። ሚያዝያ 16 ቀን የ1441 ዓመተ ሒጅራ ረመዳን ሲገባ ተራዊሕን ቤታችን ሰገድን። እኔ ፊት ቆምኩ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ወንድ ልጄ በቀኜ፣ ባለቤቴና የስድስት ዓመቷ ሴት ልጄ ከኋላ። በሦስተኛው ሌሊት ይመስለኛል፣ ሱረቱል ሙልክን እየቀራሁ መካከል ላይ ጠፋኝ። ሰው ነኝና ይጠፋኛል። ወደ ኋላ መልሼ ጀመርኩ፤ እዚያው ስደርስ እንደገና ጠፋኝ። ልጄ እንዲያቀናኝ ጠበቅሁ። ያ ልጅ በእኔ ግምት ጁዝእ ተባረክን ከጨረሰ ዓመት ሆኖታል። ዝም አለ። ከኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ ቀጣዩን አያ አነበበልኝ። ትንሿ ልጄ ናት።

(ሴት ልጅ ኢማምን በድምፅ ታቀናለች ወይስ ታጨበጭባለች የሚለውን የፊቅህ ጥያቄ የምታነሡ ወንድሞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የስድስት ዓመት ሕፃን ናት፤ ለዛሬ ተዉልኝ።)

ካሰላመትን በኋላ ልጄን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቷል። ነገሩ እንዲህ ኖሯል። ቁርኣን መቅራቱን ካቆመ ስምንት ወር አልፎታል። ከቤት «መድረሳ» ብሎ ይወጣና ከእኩዮቹ ጋር ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ የሚያወጡትን ሲያይ ውሎ ይገባል። ያቆመውም በስንፍና አልነበረም። አንድ ሱራ አልያዝልህ ብሎት በጓደኞቹ ፊት ተገረፈና አፈረ፤ የሚነግረው ሰው አጣ። እናቱ ነገሩን ደርሳበት ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። አንዱን ጊዜ አስታውሳለሁ፤ ለዶዶላ የሚጫኑትን ኪታቦች እየቆጠርኩ ነበር፤ «ስመለስ እናየዋለን» አልኳት። ስመለስ ሌላ ካርቶን ይጠብቀኝ ነበር። ትንሿን ልጅ ያስቀራቻት ራሷ እናቷ ናት፤ ማታ ማታ፣ ሊጥ እያቦካች፣ ከምታውቃት ጥቂት ላይ።

ልጄን መቆጣት ጀመርኩ። እሱም ቀና ሳይል «አባዬ፣ የኮኮሳ ልጆችን ማን የት እንደደረሰ በደብተርህ ትጽፋለህ። እኔ የት እንደደረስኩ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለኝ። ምን ልመልስለት? ተነሥቼ ውዱእ አደረግሁ። ውዱእ ሳይኖረኝ ቀርቶ አይደለም።

በዚያ ረመዳን ሥራ የለምና ኪታቦቼን መለስ ብዬ አየሁ። ቡኻሪ የዘገቡት የማሊክ ኢብኑል ሑወይሪስ (ረ.ዐ.) ሐዲስ አለ። ይህን ሐዲስ ለአስተማሪዎች ሥልጠና ስንት ጊዜ እንዳነሣሁት አልቆጥረውም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እኔን ስሰግድ እንዳያችሁኝ ስገዱ ያሉበት ነውና የሶላት ትምህርት መክፈቻ አደርገው ነበር። ታሪኩ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። ማሊክና ዕድሜያቸው የተቀራረበ ወጣቶች ሊማሩ መጥተው እርሳቸው ዘንድ ሃያ ሌሊት ቆዩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆቹ ቤተሰብ እንደናፈቃቸው ተረዱ፤ ከኋላችሁ ማንን ትታችሁ መጣችሁ ብለውም ጠየቋቸው። ነገሯቸው። ያኔ ወደ ቤተሰባችሁ ተመለሱ፣ ከእነርሱ ጋር ኑሩ፣ አስተምሯቸውም አሏቸው። የሶላቱ ትእዛዝ የመጣው ይህን አስከትሎ ነው። እኔ በየሥልጠናው ሃያውን ሌሊትና ናፍቆቱን ዘልዬ ሶላቱን ብቻ አስተምር ነበር። ተማሪዎቹን መዲና ላይ ማቆየት ለዕውቀታቸው ይበጅ እንደነበር ማን ይክዳል? ግን ናፍቆታቸው ታየላቸው።

የሰይዲና ዑመርም (ረ.ዐ.) ታሪክ አለ። ሌሊት በመዲና ሲዘዋወሩ ባሏ ዘምቶ የቆየባት ሴት ብቸኝነቷን ስታሰማ ሰሙ፤ ልጃቸውን ሐፍሷን (ረ.ዐ.) ሴት ልጅ ባሏ ርቋት ምን ያህል ትታገሣለች ብለው ጠየቁ፤ ወታደሩም ከዚያ በላይ እንዳይቆይ አዘዙ። ገደቡን አራት ወር የሚሉ አሉ፣ ስድስት የሚሉም አሉ። በእኔ በኩል ከቁጥሩ ይልቅ የሚደንቀኝ መጠየቃቸው ነው። እኔ ባለቤቴን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ትምህርት ቤቶች መከፈት ሲጀምሩ ጉዞው ይቀነስልኝ ብዬ ጥያቄ አቀረብኩ። ከሰብሳቢዎቹ አንዱ፣ የማከብራቸው ሽማግሌ ናቸው፣ «ያለፉት ደረሶችኮ ለዒልም ብለው ስንት ዓመት ከአገራቸው ወጥተው ይቀሩ ነበር፤ አንተ የሦስት ቀን መንገድ ታማርራለህ?» አሉኝ። በዚያ ሰዓት አፌ ተያዘ። ሌሊቱን ሳስበው ግን መልሱ መጣልኝ። በወሎ ዳና፣ በጀማ ንጉሥ ታላላቅ ሼኾች ዘንድ የሚሰደደው ማን ነበር? ደረሳው ነው። ትዳር ያልያዘ፣ ልጅ የሌለው ወጣት፤ በአጎዛውና በኪታቡ ከሼኽ ወደ ሼኽ ይሄዳል። ሼኹ ግን ቤቱ ነበር። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ እርሻው፣ ከብቱ አጠገቡ ናቸው፤ የልጆቹ ቂርኣትና የደረሶቹ ቂርኣት በአንድ ግቢ ይሰማል። እኛ ነገሩን ገለበጥነውና ባለ ቤቱን አስተማሪ መንገደኛ አደረግነው። ይህን ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም፤ ዛሬ ካነበቡት ይቅር ይበሉኝ።

የመድረሳ አስተማሪ ብቻ አይደለም እንዲህ የሚኖረው። በሻሸመኔ መናኸሪያ የማገኛቸው የመንግሥት መምህራን አሉ፤ ባል በአንድ ወረዳ፣ ሚስት በሌላ ተመድበው ዝውውር የሚጠብቁ። አንዲት መምህርት የልጇን የመጀመሪያ ጥርስ ያየችው በስልክ ፎቶግራፍ እንደሆነ ነግራኛለች። ሩቅ ያለው ትምህርት ቤት አስተማሪ ያስፈልገዋል፤ ይህ የታወቀ ነው። እኔም አትሂዱ የምል አይደለሁም። ግን ቤት የሚቀረው ሰው የሚከፍለውን ማንም አይጽፍለትም፤ በውሎ አበል ሒሳብ ላይም አይገባም።

በመጨረሻ እንዲህ አደረግን። ከሦስት ሌሊት በላይ ውጪ አላድርም። ከመውጣቴ በፊት ቀኑን ከባለቤቴ ጋር እንቆርጣለን፤ የልጆቹ ፈተና ካለ ጉዞው ይተላለፋል። ለራቁት መንደሮች ከዚያው የበቀሉ ሁለት ወጣት ኡስታዞች ተመደቡ። እውነቱን ለመናገር አንደኛው ከእኔ ይሻላል፤ የሕፃናቱን ቋንቋም ከብቶቻቸውንም ያውቃል። በዚህ የጎደለብን አበሉ ነው። ልጆቹን ከግል ትምህርት ቤት አውጥተን መንግሥት ትምህርት ቤት አስገባን፤ ባለቤቴ ቤት ውስጥ ሳምቡሳ እየሠራች ታስረክባለች። ቅዳሜ ሥጋ የነበረው ቤት ቅዳሜም ሽሮ ሆነ። ይህን የምጽፈው ነገሩ በነፃ የተገኘ እንዳይመስላችሁ ነው።

ልጄ ወደ ቁርኣኑ ወዲያው አልተመለሰም። እኔም አላስገደድኩትም። በ2013 ክረምት ኮኮሳ ይዤው ሄድኩ። ፈረስ ላይ ሲወጣ የዚያ አገር ልጆች ሳቁበት፤ በኋላ ግን ኳስ አጫወቱት። ማታ ሉሓቸውን ይዘው ሲቀሩ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሰማቸው። ከእሱ በአራት ዓመት የሚያንስ ልጅ ሱረቱል ሙልክን በቃሉ ሲወጣው ዓይኑን ተከልኩበት፤ ምንም አላለም። ተመልሰን ሐዋሳ በገባን በሳምንቱ እናቱን «ትንሿ ስትቀሪ ቀስቅሱኝ» አላት። እኔን አይደለም የጠየቀው። እስከ ዛሬም ቂርኣቱን የሚያሰማው ለእናቱ ነው፤ እኔ ከሌላው ክፍል ሆኜ አዳምጣለሁ፤ ሲሳሳትም ዝም እላለሁ።

ባለፈው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን ለመፈተን ቤቱን ለቅቆ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ የያዘው ያቺን የእኔን አሮጌ ቦርሳ ነው። በር ላይ ቆሜ ሸኘሁት። ያን ሰሞን ማታ ማታ ቤቱ ጭር ሲልብኝ ባለቤቴ አየችኝና «እንግዲህ ቅመሳት» አለችኝ፤ ሣቅንም።

ቦርሳዋ ተመልሳለች። ከነገ ወዲያ ወደ ነንሰቦ ሁለት ሌሊት የማድርበት ጉዞ አለኝ። ትንሿ ልጄ፣ አሁን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይታ «ሐሙስ ትገባለህ ማለት ነው» ብላ በእስክሪብቶ አክብባበታለች። ዝናቡ ጠንቷል ይላሉ፤ ከወርቃ በኋላ ያለው መንገድ እንዴት እንደሆነ ዛሬ ከሰዓት ደውዬ አጣራለሁ።