የሚታመን ገመድ ፍለጋ

ከሰው ይልቅ ዕቃ ማመን ይቀልለኛል። ይህን የምናዘዘው እንዲፈረድልኝም እንዲፈረድብኝም ብዬ አይደለም። ገንዘቤን በምን ላይ እንደማጠፋ፣ ማታ ማታ ምን ይዤ እንደማመሽ ልብ ብዬ አየሁ፤ ያየሁትን ደግሞ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ጊዜዬን የሚወስደው ለድሮ የእጅ ጌሞች የሚታመን ዕቃ መፈለግ ነው፦ ካሴት ውስጥ የተቀመጠውን የጨዋታ መዝገብ (ሴቭ) የሚገለብጥ መሣሪያና ሁለት ጌም ቦይ የሚያገናኝ ገመድ። ትንሽ ነገር ነው የሚል ይኖራል። ለእኔ ትንሽ አይደለም።

ያደግነው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ለታላቅ ወንድሜ ፖክሞን ሬድ ተገዛለት፣ ለእኔ ብሉ። ካሴቶቹ አሜሪካ የወጡት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው፤ ጃፓን ውስጥ ጨዋታው የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ በ1996 ነበር። የሚሰበሰቡት ፍጥረታት 151 ናቸው። አንዱ ካሴት ብቻውን ሁሉንም አይሰጥም፤ ሬድ ላይ የሚገኙ አንዳንዶቹ ብሉ ላይ የሉም፣ ብሉ ላይ ያሉትም እንዲሁ። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ጨዋታውን የፈጠረው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት እያሳደደ ይሰበስብ ነበር፤ የጌም ቦይን ማገናኛ ገመድ ባየ ጊዜ ነፍሳት በገመዱ ላይ ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው ሲሄዱ ታየው። ጨዋታው የተወለደው ከገመዱ ነው።

ከፍጥረታቱ ሁሉ የማልረሳው ካዳብራን ነው። ካዳብራ የቱንም ያህል ቢዋጋ፣ የቱንም ያህል ደረጃ ቢወጣ፣ በባለቤቱ እጅ እያለ ወደ አላካዛም አይለወጥም። የሚለወጠው በገመድ ለሌላ ሰው ሲሰጥ ብቻ ነው። አላካዛም የፈለገ ልጅ ካዳብራውን ለጓደኛው ይሰጣል፣ ጓደኛው እጅ ሲገባ ይለወጣል፣ ከዚያ «መልስልኝ» ይለዋል። መመለስ አለመመለስ የጓደኛው ፈንታ ነው፤ ጌሙ አያስገድደውም። ወንድሜ የራሱን ሰጠኝ። ዓይኔ እያየ ተለወጠ። ልመልስለት ስል «ያንተ ይሁን፣ እኔ ሌላ እይዛለሁ» አለኝ። እንዲህ የተሰጠ ፍጥረት የመጀመሪያ ባለቤቱን ስምና ባለ አምስት አኃዝ መለያ ቁጥር ይዞ ይኖራል። ስሙ ከ7 ፊደል መብለጥ አይችልም፤ የወንድሜ ስም ግን አጭር ስለሆነ ሙሉውን ገብቶለታል። እስከ ዛሬ ካሴቴን ስከፍት የእሱ ስም እኔ ጋ አለ።

ያ ስም የተቀመጠው 32 ኪሎባይት በምትይዝ ቺፕ ላይ ነው። በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቺፗ ኤሌክትሪክ ካጣች የያዘችውን ሁሉ ትረሳለች፤ ስለዚህ ካሴቱ ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ሊቲየም ባትሪ ተበይዳ ጌሙ ጠፍቶ በተቀመጠበት ጊዜ ሁሉ ትመግባታለች። በኋላ የመጡት ጎልድና ሲልቨር ሰዓትም አላቸው፤ ሰዓቱ ከዚያችው ባትሪ ስለሚበላ የእነሱ ቶሎ ያልቃል። በጌም ቦይ አድቫንስ ዘመን የወጡት ሩቢና ሳፋየር ሴቩን የሚይዙት ያለ ባትሪ በሚሠራ ፍላሽ ቺፕ ስለሆነ፣ ባትሪያቸው ቢያልቅ የሚቆመው ሰዓቱ ብቻ ነው። የእኔ ካሴት ግን ከመጀመሪያዎቹ ነው። የወንድሜ ስም ሃያ ምናምን ዓመት ባለፋት ባትሪ ላይ ተንጠልጥሏል።

ፍለጋዬ የጀመረው ከዚህ ፍርሃት ነው። ጂቢኤክስካርት ወይም ጂቢ ኦፕሬተር የሚባሉት መሣሪያዎች በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ተያይዘው የካሴቱን ሴቭ ያነባሉ፣ መልሰውም ይጽፉለታል። ከመግዛቴ በፊት ያጣራሁት የቮልቱን ነገር ነበር። የመጀመሪያው ጌም ቦይ ካሴት የሚሠራው በ5 ቮልት ሲሆን የአድቫንስ ካሴት በ3.3 ነው፤ ይህን የማይለይ መሣሪያ የአድቫንሱን ካሴት ሊያቃጥል ይችላል። ከዚያ የጽዳቱ ሥራ አለ። የካሴቱ የመዳብ ጥርሶች ላይ የዓመታት ቆሻሻ ይጋገራል፤ ጥጥ በአልኮል ነክሬ ስጠርጋቸው ጥጡ ይጠቁራል፣ እስኪነጣ ድረስ እደግማለሁ። አንድ ጥርስ በደንብ ካልነካ የተገለበጠው ፋይል መጠኑ ልክ ሆኖ ውስጡ ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ ነው ሴቩን ሁለት ጊዜ ገልብጬ፣ በመሃል ካሴቱን ነቅዬ መልሼ ሰክቼ፣ ሁለቱን ፋይሎች የማስተያየው። አንዲት ባይት ከተለየች እንደገና እጀምራለሁ።

ስለ ባትሪው ደግሞ አጥብቄ የማምንበት ነገር አለ። ባትሪ መቀየር የብየዳ ሥራ ነው፤ መገጣጠሚያ ምላስ ያለውን ባትሪ ገዝቶ ምላሱን ቦርዱ ላይ መበየድ ነው። አንዳንድ ሻጭ አዲሱን ባትሪ በፕላስተር አጣብቆ «ታድሷል» ብሎ ይሸጣል። እንዲህ ያለ ካሴት አጋጥሞኛል፤ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይልም፣ ከፍቼ ጣቴን ባትሪዋ ላይ ሳሳርፍ ተንቀሳቀሰች። ያ ካሴት ከጠረጴዛ ቢወድቅ፣ ባትሪዋ ለቅጽበት ብትላቀቅ፣ የአንድ ልጅ የክረምት ድካም በዚያው ያበቃል። እንደዚያ ያለ ሥራ ያናድደኛል፣ ሰበብም አልፈልግለትም። አስመስለው የሚሠሯቸው የአድቫንስ ካሴቶችም ብዙዎቹ ፍላሽ ቺፕ በሚገባበት ቦታ ባትሪ ያለው ርካሽ ቺፕ ይገባባቸዋል፤ ገዢው የሚያውቀው ሴቩ የጠፋ ቀን ነው።

ወደ ገመዱ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ጌም ቦይ ስፒናው ትልቅ ነው፤ ፖኬትና ከለር ትንሹን ይጋራሉ። አድቫንስና ኤስፒ የራሳቸው ገመድ አላቸው፤ እሱ ወደ ከለር አይገባም። የማይክሮ ደግሞ ሌላ ነው። ዲኤስ የአድቫንስን ካሴት ተቀብሎ ያጫውታል፣ የገመድ ቀዳዳ ግን የለውም። ከአድቫንስ ጨዋታዎቹ ከፋየርሬድና ከሊፍግሪን ጋር የመጣው ገመድ አልባ ማገናኛ የሚሠራው ለእሱ ተብለው በተዘጋጁ ጨዋታዎች ብቻ ነው፤ ሩቢ ያለው ሰው ገመድ ከመግዛት አያመልጥም።

ርካሹ ገመድ የሚያታልለው ከውስጥ ነው። ስፒናው ላይ ስድስት መገናኛዎች አሉ፤ አንዳንድ አምራች ወጪ ለመቀነስ ሽቦ ይቀንሳል። እንዲህ ያለው ገመድ የጌም ቦይ ጨዋታዎችን በደንብ ያገናኝና አድቫንስ ላይ ሲደርስ ይከዳል፤ የአድቫንስ ጨዋታዎች አብሮ ለመጫወት የሚጠቀሙበት ሽቦ እሱ ውስጥ ስለሌለ ነው። ስለዚህ አዲስ ገመድ ሲመጣልኝ ጌም ላይ ከመሰካቴ በፊት በቴስተር እፈትሸዋለሁ። የአንዱ አፍ ከሌላው ጆሮ ጋር መግጠም አለበት፣ ማለትም የአንደኛው መላኪያ ከሁለተኛው መቀበያ ጋር መጠላለፍ አለበት። አንዱን ጫፍ ይዤ ሌላው ጫፍ ላይ ትክክለኛዋን ነጥብ ስነካ ቴስተሩ ይጮኻል። ያ ድምፅ ደስ ይለኛል።

ይበልጥ የሚያስገርመኝ አሠራሩ ነው። ሁለቱ ጌም ቦዮች ሲገናኙ አንዱ ምቱን ይሰጣል፣ ሌላው ይጠብቃል። በእያንዳንዱ ምት ከአንዱ አንድ ቢት ሲወጣ ከሌላው አንድ ቢት ይገባበታል፤ ከስምንት ምት በኋላ ሁለቱ ባይት ተለዋውጠዋል። በዚያ ገመድ ላይ ሳይቀበሉ መስጠት የለም፤ የሚናገረው ነገር የሌለው እንኳ ባዶ ባይት ይልካል።

ራሴን መመርመር የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። መገልበጫውን የገዛሁት ከገመዱ ብዙ ዓመት ቀድሜ ነው። ምክንያቱን ስፈልገው አጣሁት ማለት አልችልም። ሴቭ ማንንም አያስፈልገውም፤ በሬን ዘግቼ ብቻዬን የምጨርሰው ሥራ ነው። ገመድ ግን ማዶው ላይ ሰው ይፈልጋል። በመጨረሻ ገመዱን ስገዛ እንኳ የሞከርኩት ሁለት ጌም ቦይ ጠረጴዛዬ ላይ ደርድሬ ነው፤ በአንዱ ሰጠሁ፣ በሌላው ተቀበልኩ። ሠራ። ካዳብራው ተለወጠ። ምንም አልተሰማኝም። የሰጠሁት እኔ፣ የተቀበልኩት እኔ፣ «መልስልኝ» የሚባል ሰው የለ። የእህቴ ልጅ ብሉን እንድሰጠው ሲለምነኝም ሌላ ካሴት ነበር የሰጠሁት። ፍቅር ነው ብዬ ለራሴ እነግረው የነበረው ነገር ግማሹ ስስት ነው።

ከስስቱ ሥር ደግሞ ፍርሃት አለ፣ እሱንም ልናገረው። ወንድሜ አሁን የሚኖረው ሌላ ክፍለ ሀገር ነው፤ ስንደዋወል ስለ ሥራ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ እማዬ ጤና እናወራለን። ስለ ካሴቱ አንስቼለት አላውቅም ነበር። ከባትሪው ማለቅ የበለጠ የምፈራው «የቱ አላካዛም?» እንዳይለኝ ነው። ፋይሉን ሁለት ጊዜ ገልብጬ፣ ሦስት ቦታ አስቀምጬ፣ ያለውን ሁሉ አስተማማኝ አድርጌ ወንድሜን ብቻ አልጠየቅኩትም።

ደወልኩለት። «እንዴ፣ እሱ ነገር አሁንም አለ?» አለኝ። አላካዛሙን አያስታውስም። ግን ወዲያው «ገመዱ እኮ የእኛ አልነበረም፤ የጎረቤት ልጅ ነው ያዋሰን። ከእራት በፊት መልሱ ተብለን ተጣድፈን ነው የተለዋወጥነው» አለ። እኔ ይህን ፈጽሞ ረስቼዋለሁ። እነዚያ 32 ኪሎባይት ውስጥም የለም፤ ያለው እሱ ጋ ብቻ ነው። ሬድ ቤቱ ውስጥ ካርቶን ተከቶ እንዳለ ነገረኝ፤ «በፖስታ ልላክልህ፣ አንተ ታውቅበታለህ» ሲለኝ አትላክ፣ ይዘኸው ና አልኩት። ባትሪዋ በሕይወት ትኑር አትኑር አናውቅም። ባትኖርም ገመዱ ተፈትሿል፤ አላካዛሙን ይዞ መሄድ ከፈለገ እሰጠዋለሁ።

መሳቢያ ውስጥ ሴቩን በባትሪ የሚይዝ የድሮ ካሴት ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። «ባትሪውን እቀይርልሃለሁ» ለሚል ሰው ካሴቱን ከመስጠታችሁ በፊት ሴቩን አስገልብጡ፤ አሮጌዋ ባትሪ በተነቀለች ቅጽበት የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል፣ የሚመልሰው ባለሙያም የለም። ነገ ዛሬም አትበሉ። ባትሪዋ ስታልቅ ጌሙ አያስጠነቅቅም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስትከፍቱት «ኮንቲኒው» የሚለው አይኖርም፣ «ኒው ጌም» የሚለው ብቻ ነው የሚወጣው።