የደቻቱ ማዶ ዱቤ

አባቴ (አላህ ይዘንለትና) በ1985 ዓ.ም. ሊሞት ሁለት ሌሊት ሲቀረው ወደ ራስጌው ጠራኝ። ቤት ወይም መሬት ያወርሰኛል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ስላልነበረው። አደራ ያለኝ ዕዳውን ነበር። «የዓሚን ዱቤ አልጨረስኩም። መቶ ሃምሳ ብር ቢሆን ነው። ደብተሩ እሱ ዘንድ ነው» አለኝ። ይህን አደራ ተሸክሜ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖርኩ። ነገሩ እንዲገባችሁ ግን፣ ውድ አንባብያን፣ ያደግሁባትን ድሬዳዋን ላስታውሳችሁ ግድ ይለኛል።

ድሬ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ስለከበደ ግን ከግርጌው ሜዳ ላይ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ድሬ ነበረች፤ የመናዊው፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ ሁሉ ሱቁን የከፈተባት በዚህ ምክንያት ነው። በጣቢያው በኩል ቀጥ ያሉ መንገዶችና የዛፍ ጥላ ያለው ከዚራ ሲሆን፣ ማዶው መጋላ ነው። እኛ የመጋላ ልጆች ነን። በመካከላችን ደቻቱ አለ።

ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ኳስ የተጫወትነው፣ የተደባደብነውና የታረቅነው በሱ ላይ ነው። ማገዶ የጫኑ ግመሎች በመሀላችን ያልፉ ነበር። ሆኖም በደንገጎ ተራራ ላይ ደመና ከታየ እናቴ ከበር ላይ ሆና ትጣራለች፤ «ውጡ ከዚያ!» እኛ ራስ ላይ ፀሐይ እየነደደ ምን ጎርፍ ይመጣል ብለን እንስቅ ነበር።

በአንድ ጨዋታ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ አደርኛና ዐረብኛ ይቀላቀላል። ስንሰዳደብ በየትኛው እንደምንሰዳደብ እንኳ አናውቅም ነበር። አንቱታ የሚባል ነገርም ድሬ ውስጥ የለም። ሽማግሌውም «አንተ» ነው፣ ኢማሙም «አንተ» ነው። አዲስ አበባ ስመጣ በዚህ ምክንያት ስንቱን እንዳስቀየምኩ አላህ ይወቅ። በቀትር ሙቀት ሱቆች ይዘጋሉ፤ እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ከተማዋ ትተኛለች። እኛ ግን ሎሓችንን ታቅፈን ቁርኣን ቤት እንቀመጥ ነበር። ማታ ሰሌን ግቢ ውስጥ ተነጥፎ ኮከብ እየቆጠርን እንተኛለን።

አባቴ ባለጋሪ ነበር። ከባቡር የወረደውን ዕቃ በፈረሱ ጋሪ ወደ መጋላ ሱቆች ያደርሳል። በ1969 ዓ.ም. ክረምት ከሶማሊያ ጋር ጦርነቱ ፈነዳ፤ ነሐሴ ላይ ውጊያው ድሬ ደጃፍ ደረሰ። የሐዲዱ ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ለወራት ቆመ። ፈረስ ደግሞ ባቡር ቆመ ብሎ መብላቱን አይተውም። ልጅም እንዲሁ።

ያን ጊዜ ያኖረን ዓሚ ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በዐረብኛ «አጎቴ» እያለ ዓሚ ይለው ነበር። በደቻቱ ዳር ያለች ጠባብ ሱቅ የነበረችው፣ ሽርጥ የሚታጠቅ የመናዊ ነው። ሩዝ፣ ስኳርና ዘይት እኔ እላካለሁ፤ እሱ ከቀኝ ወደ ግራ በደብተሩ ይጽፋል። አባቴ «ስንት ደረሰ?» ብሎ ጠይቆት አያውቅም። አንድ ቀን ግን እኔ፣ ቁርኣን ቤት ፊደል የለየሁት ልጅ፣ ደብተሩን ከፊት ለፊት ሆኜ በግልባጩ አነበብኩ። የአባቴ ስም ነበር፤ ከሥሩ ገጹን ሙሉ ቁጥር ተደርድሯል። ዓሚ ቀና ሲል አየኝ። ምንም አላለም። መዳፉን በገጹ ላይ አድርጎ ሸፈነውና በሌላ እጁ ሦስት ፍሬ ተምር ሰጠኝ። ተምሩን እስከ ቤት ድረስ በእጄ ይዤ ሄድኩ፤ መብላት አፈርኩ።

ባቡሩ ተመልሶ ሲሠራ አባቴ ጥቂት በጥቂት መክፈል ጀመረ። ሳይጨርስ ግን፣ በ1972 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ሱቁ ተዘግቶ ተገኘ። ዓሚ ወደ አገሩ ገብቷል። ቤተሰቡም በጅቡቲ በኩል ተከተለው።

አባቴ ከሞተ በኋላ ለሐጅ የሚሄደውን ሁሉ «ጅዳ ላይ የድሬ የመናዊ ካገኘህ ጠይቅልኝ» እል ነበር። ከዚያ ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ሰው ተኝቶ ሳለ በደቻቱ ወረደ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። አንድ ሰሌን ላይ አብረውኝ ያደሩ ልጆች ከነቤተሰባቸው የሄዱ አሉ። ከአዲስ አበባ ስደርስ የዓሚ ሱቅ የነበረበት ቦታ ጭቃና ድንጋይ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በዚያ ሁሉ ጀናዛ መካከል ያ ደብተር ትዝ አለኝ፤ አፈርኩም።

አንድ ዓሊም ዘንድ ሄድኩ። ባለገንዘቡ ተፈልጎ ከታጣ በስሙ ሰደቃ ይሰጣል አለኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል «ቆይ፣ ፈልገኸዋል ወይስ ጠብቀኸዋል?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ጀናዛ ሲቀርብላቸው ሟቹ ዕዳ እንዳለበት ይጠይቁ እንደነበር ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! አባቴ በዚያ ዕዳ ተይዞ ሳለ እኔ ሰው ልኬ ተቀምጫለሁ።

እንደገና ድሬ ሄጄ በየበሩ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር እጠይቅ ነበር። ባለፈው ዓመት አንድ ሽማግሌ ባለጋሪ «የዓሚ ልጅ እኮ መጥታለች፣ ፈጢራ ትሸጣለች» አለኝ። በ2007 ዓ.ም. የመን ውስጥ ጦርነቱ ሲበረታ ሸሽታ የተወለደችበት መጋላ ገብታ ኖሯል። በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ጊዜ በበሯ አልፌያለሁ!

ነገርኳት። ዱቄቷን ከእጇ እያራገፈች አዳመጠችኝ።

«ደብተሩን አላየሁትም» አለች። «አባቴም እናቴም ሞተዋል፤ እናቴ ቀድማ ነው።»

«ሦስት ሺህ ብር ይዣለሁ፤ ውሰጂ» አልኳት። ዓሊሙ ዕዳው በቁጥሩ እንደሚመለስ፣ በፈቃድ ቢጨመር ግን መልካም እንደሆነ ነግሮኝ ነበር።

«አቦ ተው! ዕዳው ስንት ነው?»

«መቶ ሃምሳ።»

በጣቶቿ ቆጠረች። «ሁለት ወንድሞች አሉኝ፤ አንዱ ጅዳ፣ አንዱ ሁደይዳ። የኔ ከአምስት አንዱ ነው፤ ሠላሳ ብር። እሱን አፉ ብያለሁ። የነሱ ግን የኔ አይደለም፣ ልተውልህ አልችልም።»

የጅዳው ወንድሟ በዚያው ማታ በስልክ ተገኘ። ስለ ዕዳው ከመስማቱ በፊት «ያ ነጭ ፈረስ የናንተ ነበር?» አለኝ። ስልሳ ብሩን አፉ አለ፤ ከዚያ ስለ ደቻቱ ኳስ ብዙ አወራን። የሁደይዳውን ድርሻ ስልሳ ብርና ጭማሪውን በፖስታ አድርጌ እሷ ዘንድ በአማና አስቀመጥኩ። የበላሁትን የፈጢራና የሻሂ ሂሳብ ግን ቆጥራ ተቀበለችኝ፤ ከተወችልኝ ሠላሳ ብር በላይ ነበር።

ባለፈው ጁሙዓ ደውዬ ነበር። የሁደይዳው ስልክ አሁንም አይነሳም አለችኝ።