ልክ የመጣ ሂሳብ

ባንክ ቤት የተቀጠርኩ ሰሞን ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። ሥራው እንዲህ ነው፤ ጠዋት የተረከብከውን፣ ቀኑን ሙሉ የተቀበልከውንና የከፈልከውን ደምረህ ቀንሰህ፣ ማታ በእጅህ ካለው ብር ጋር ታመሳክራለህ። እኩል ከሆነ «ሂሳቡ ልክ መጣ» ይባላል፤ ሰውም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንድ ማለዳ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት መስኮቴ ፊት ቆሙ። በዋዜማው ከልጃቸው የተላከላቸውን ሐዋላ የከፈልኳቸው እኔ ነኝ። «የኔ ልጅ፣ ቤቴ ገብቼ ብቆጥረው ሁለት መቶ ብር ይጎድላል» አሉኝ። መዝገቤን ገለጥኩ፤ የትናንቱ ሂሳብ ሳንቲም ሳይዛነፍ ልክ መጥቷል። «እማማ፣ ልክ ነው» አልኳቸው። አንዴ እኔን፣ አንዴ መዝገቡን አዩና ምንም ሳይሉ ሄዱ።

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ነጋዴ መጥቶ ሁለት መቶ ብር ትርፍ እንደሰጠሁት ነገረኝና መለሰልኝ። ለካ በዚያን ዕለት ሁለት ጊዜ ተሳስቼ፣ አንዱ ስህተት ሌላውን ሸፍኖት ኖሯል! እኒያን እናት በቅጹ ላይ ባለው ስልክ ደጋግሜ ፈለግኋቸው፤ አላገኘኋቸውም። ብሩ በትርፍ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ እርሳቸው ግን የትም አልሰፈሩም።

ከዓመታት በኋላ እኒያን እናት እንደገና ያስታወሰኝ ሻርክ ነው ብል አንባቢዎቼ ትስቁ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። አሁን የምሠራው በውጭ ንግድ ክፍል ነው፤ ውሎዬ ከኤል ሲ ሰነዶች ጋር ነው። አንድ ቀን የታሸገ የቱና ዓሣ ሰነድ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። የካርቶኑ ብዛት፣ የቆርቆሮው ክብደት፣ የዘይቱ ዓይነት፣ የመርከቡ ስም፣ የጤና ምስክር ወረቀቱ… ሁሉም እርስ በርሱ ተስማምቷል። አንድም ግድፈት አላገኘሁበትም። ማታ ከመደብር የገዛሁትን የቱና ቆርቆሮ ስከፍት ግን በስተጎኑ ያለችው ትንሽ የዶልፊን ሥዕል ዓይኔን ያዘችው። የዶልፊን ሥዕል በቱና ቆርቆሮ ላይ ምን ትሠራለች ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ውቅያኖስን በዓይኑ አይቶ ለማያውቅ፣ ስለ ባሕር ግጥም መጻፍ ግን ለማያሳፍረው ለእኔ ቢጤ፣ ማንበብ ከመርከብ አያንስም።

በምሥራቃዊው ሰላማዊ ውቅያኖስ ትልልቅ ቱናዎች ከዶልፊኖች ሥር ይዋኛሉ። አጥማጆች ዶልፊኖቹን እያዩ ከላይም ከታችም ያለውን በአንድ መረብ ይከቡ ነበር። መረቡ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ዓሣውን ከከበበ በኋላ ግርጌው እንደ አያቶቻችን የገንዘብ ከረጢት በገመድ ተስቦ ይታሰራል። በዚህ መንገድ ብዙ ዶልፊኖች አለቁ፤ ሕዝብ ጮኸ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ትልልቆቹ የአሜሪካ አሻጊዎች በዶልፊን ላይ የተጠመደ ቱና አንገዛም አሉ። የቆርቆሮው ሥዕል የዚያ ጩኸት ፍሬ ነው። ጩኸቱ የሚገባ ነበር። ነገር ግን ዶልፊንን የተዉ ብዙ መርከቦች ፊታቸውን ወደ ተንሳፋፊ ነገር አዞሩ፤ ተንሳፋፊ ነገር ሥር ደግሞ ከቱናው ጋር ሻርክ ይሰበሰባል። ዶልፊን ፈገግ የሚል የሚመስል ፊት አለው፤ ሻርክ ግን ጠበቃ የሚያቆምለት ፊት አልተሰጠውም።

ተንሳፋፊው ነገር ምንድን ነው? በክፍት ውቅያኖስ ላይ የሚንሳፈፍ ግንድ ቢኖር ዓሣ ከሥሩ ይጠለላል። አጥማጆች ይህን አስተውለው የራሳቸውን ግንድ ሠሩ፤ የቀርከሃ ርብራብ፣ ከላዩ በሳተላይት ያለበትን ቦታና ከሥሩ ያለውን የዓሣ መጠን የሚናገር መሣሪያ፣ ከሥሩ ደግሞ በብዙ ሜትር ወደ ጥልቁ የሚንጠለጠል አሮጌ የመረብ ቅዳጅ። ርብራቡ ለወራት ብቻውን ይንሳፈፋል። መርከቡ የሚመጣው መሣሪያው «ሞልቷል» ሲለው ነው።

በሕንድ ውቅያኖስ ከዚህ ርብራብ ሥር የሚሰበሰበው በብዛት «ሐር ሻርክ» የሚባለው ነው። ቆዳው ልስልስ ስለሆነ ነው እንዲህ የተባለው። (ሐር የሚለውን ቃል እኛ ለቆንጆ ፀጉር ስንሰጠው ኖረን፣ በሻርክ ላይ ሳገኘው ደነገጥኩ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ቃሉን በአፌ ሳላምጠው ሰነበትኩ።) ከሥሩ የሚገኙት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ ናቸው። ሐር ሻርክ እንደ ቱና በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል አይዘራም፤ እናቲቱ አንድ ዓመት ገደማ አርግዛ ጥቂት ግልገሎችን በሕይወት ትወልዳለች።

ወደ ሂሳቡ ልምጣ። በመርከቦቹ ላይ ታዛቢዎች ነበሩ። ከቱናው ጋር የወጣውን ሻርክ ቆጥረው ይጽፉ ነበር፤ የጻፉትም እውነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ፊልማልተር የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አንድ ጽሑፍ አወጡ። በሻርኮች ላይ መከታተያ አስረው፣ ራሳቸውም ውኃ ውስጥ ገብተው ርብራቦቹን ከሥር አዩ። ሻርኮቹ በተንጠለጠለው የመረብ ቅዳጅ ውስጥ ተጠላልፈው ይሞታሉ፤ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥም ሬሳቸው ከመረቡ ተላቆ ወደ ጥልቁ ይሰምጣል። መርከቡ ሲደርስ የሚታይ ነገር የለም። በሕንድ ውቅያኖስ ብቻ በዚህ መንገድ የሚያልቀውን በዓመት ከ480,000 እስከ 960,000 ገመቱት። በመርከቦቹ መዝገብ ከሚታወቀው ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ መሆኑ ነው።

ይህን ባነበብኩበት ሌሊት መጽሐፉን አጥፌ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ታዛቢው አልዋሸም፤ እኔም አልዋሸሁም። እርሱ መርከቡ ላይ የወጣውን ቆጠረ፤ እኔ መሳቢያዬ ውስጥ የቀረውን ቆጠርኩ።

የሚያስቆጨው መፍትሔው ቀላል መሆኑ ነው። የተንጠለጠለውን መረብ መተውና በምትኩ ገመድ መጠቀም፤ ወይም ቅዳጁን ጠቅልሎ እንደ ቋሊማ ጥብቅ አድርጎ ማሰር። ሻርክ የሚጠላለፍበት ዓይን አይኖርም፤ ቱናው ግን እንደ ወትሮው ይሰበሰባል። አንዳንድ መርከቦች ሕግ ሳያስገድዳቸው ጀመሩት። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በሲሸልስ ቪክቶሪያ የሆነው የሕንድ ውቅያኖስ የቱና ኮሚሽን ደግሞ ከእ.ኤ.አ. 2020 መግቢያ ጀምሮ የማያጠላልፍ ርብራብ ብቻ እንዲሠራ ደነገገ። ከሥር የተመለከተ ሰው ባይኖር ኖሮ ይህ ሕግ ከየት ይመጣ ነበር?

መርከቡ ላይ የሚወጡት ጉዳይ ግን እንዲህ በገመድ አልተፈታም። በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖሶች የተደረጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2014ና በ2015 የታተሙ ሁለት ጥናቶች በትልቁ መረብ ከተያዙት ሐር ሻርኮች ከመቶው ከሰማንያ በላይ እንደሚሞቱ አሳዩ። ብዙዎቹ በሕይወት ወደ ባሕር ቢመለሱም በኋላ ይሞታሉ። በቶን የሚመዘን ዓሣ ተጭኖባቸው የወጡ ናቸውና ምሕረቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ አዋቂዎቹ ሻርክ ከመርከቡ ሳይወጣ፣ ከተቻለም ወደ መረቡ ሳይገባ አድኑት ይላሉ።

ጠፍጣፋ ዘመዶቹ፣ ሬይ የሚባሉት፣ ሌላ ጣጣ አላቸው። ማንታ በክብደቱ ምክንያት በእጅ አይነሳም፤ መርከበኞች በጅራቱ ይጎትቱት፣ በስንጥቡ እጃቸውን ያስገቡ፣ ክንፉን በመንጠቆ ይበሱ ነበር። እንዲህ የተመለሰ ማንታ ተመለሰ አይባልም። ዛሬ የሚመከረው ሸራ ወይም መረብ ከሥሩ ዘርግቶ በክሬን ማንሳት ነው። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2019 ማንታንና የቅርብ ዘመዶቹን ሆን ብሎ መክበብም ይዞ ማስቀረትም ከለከለ። እናቲቱ በአንድ እርግዝና አንድ ግልገል ብቻ ነው የምትወልደው፤ አንዲት ማንታ ስትሞት የስንት ዓመት ወሊድ አብሮ እንደሚቀር የወለድ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ያስላው።

በረጅም ገመድና በሺህ መንጠቆ ስለሚጠመደው ቱና ብዙ አልልም። ከመንጠቆው በላይ ያለው ሽቦ በናይለን ቢተካ ሻርኩ በጥሶ ያመልጣል፤ የምዕራብና ማዕከላዊ ሰላማዊ ውቅያኖስ ኮሚሽንም ሽቦውን በሞቃታማው ቀጠና ከእ.ኤ.አ. 2024 ጀምሮ አግዷል። በደቡብ ፈረንሳይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ሙከራ ደግሞ፣ ከመንጠቆው አጠገብ የተሰቀለ ትንሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚያዘውን ሰማያዊ ሻርክ ከመቶ 91፣ ሬዩን ከመቶ 71 ቀንሶታል። ባትሪው ግን እየተነሳ መሞላት አለበት፤ ይህን በየመንጠቆው ማን ይከፍላል የሚለው ያው የእኔ መሥሪያ ቤት ዓይነት ጥያቄ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስወጣ ወደ ሰፈሬ መደብር ጎራ አልኩ። ቱናውን ከመደርደሪያው አንስቼ አገላበጥኩት። የዓሣው ዓይነት አለ፤ የተመረተበት አገር አለ፤ ዘይቱ፣ ጨው፣ ክብደቱ፣ ቀኑ፣ ዶልፊኗም አለች። ርብራቡ ከሥሩ ምን እንደነበረው የሚል መሥመር ፈለግሁ። ብዙ ሳልቆይ አልቀረሁም፤ ሻጯ ልጅ ከገንዘብ መቀበያዋ አንገቷን አስግጋ፣

«ጋሼ፣ ጊዜው አልፎበታል እንዴ?» አለችኝ።

«አይ፣ ልክ ነው» አልኳት።