«ባትሪ ቀይር» ከማለታችሁ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና ጠዋት አልነሳ ሲል ገፍቶ የሚያስነሳ ሰው አይጠፋም። ምክሩም ያው ነው፦ «ባትሪ ቀይር»። ሹፌሩ ተበድሮም ቢሆን ይቀይራል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሞተሪኖው እንደገና ያቃስታል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው ሽቦ አርጅቷል፣ ወይም ከመጀመሪያውም ቀጭን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩት እንደ ዲኤክስ ያሉ መኪኖች ሽቦ የተዘረጋላቸው ለመብራት፣ ለዝናብ መጥረጊያና ለአንዲት ሬዲዮ ነው። ዛሬ እነዚሁ መኪኖች አምፕሊፋየር፣ ተጨማሪ መብራትና የስልክ ቻርጀር ተሸክመዋል። ኃይል ሲያንስ ባለቤቱ ትልቅ ዲናሞ ያስገጥማል፤ ቀጭኑን ሽቦ ግን እንዳለ ይተወዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ሽቦ የሚያልፈው ከረንት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ የተራቆተው ሽቦ ቦዲውን ሲነካ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ችግሩን ለመለየት አንድ ቴስተር ይበቃል። ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ተነስቶ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.5 ያሳያል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱም በርቶ፣ በዲናሞው መውጫና በባትሪው ፖዘቲቭ መካከል ይለካ። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከታየ ኃይሉ መንገድ ላይ እየባከነ ነው።

መፍትሔው ከዲናሞው በቀጥታ ወደ ባትሪው የሚሄድ ወፍራም የመዳብ ገመድ ነው። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባበት፤ ፊውዙ ዲናሞው ከሚሰጠው ከፍተኛ ከረንት በላይ፣ ገመዱ ከሚችለው ግን በታች ይሁን። ነጌቲቩም አይረሳ፦ ሞተሩን፣ ቦዲውንና ባትሪውን የሚያገናኘው ገመድ ይወፍር፣ የሚታሰርበት ቦታም ዝገቱ ይፋቅ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ነጌቲቭ ይፈታ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አሮጌዎቹን አጥብቆ መያዝ የብዙ ቤተሰብ የእንጀራ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ጋራዥ ውስጥ «ባትሪው ሞቷል» የተባለ ሁሉ ብሩን ከማውጣቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ «ሽቦውን ለክተኸዋል?»