ከደቻቱ እስከ ደንገጎ፦ የአሮጌዋ ፔጆ ጉልበት

ድሬዳዋን ለማወቅ ከደቻቱ ይጀምሩ። አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ የሚታየው ይህ የአሸዋ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል። በአንድ ወገን ከባቡሩ ጋር የተቆረቆረችው፣ ጎዳናዋ ቀጥ ያለ፣ ዛፎቿ ጥላ የሚሰጡት ከዚራ አለች። በሌላው ወገን የቀፊራን ገበያ ያቀፈችው መጋላ ትገኛለች። ዛሬ ሁለቱን የሚያመላልሰው ባጃጅ ነው። ለአስርት ዓመታት ግን በድሬና በሐረር ታክሲ ሲባል ቀድማ የምትታወሰው ፔጆ 404 ነበረች።

በ1960 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበችው ይህች የፈረንሳይ መኪና ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ኃይሏ ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ነበር። ቁጥሩ ዛሬ ትንሽ ይመስላል። ክብደቷ ግን ከአንድ ቶን ብዙም አይዘልም፤ ጥንካሬዋንም በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. በማሸነፍ አስመስክራለች።

ታዲያ ወደ ሐረር ስትወጣ ለምን ታቃስታለች? ሞተር ከቤንዚን ሌላ አየርም ይፈልጋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ስትሆን ደንገጎ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። 70 የነበረው ጉልበት እዚያ ሲደርስ ወደ 55 ይወርዳል። የድሬ ሙቀትም አየሩን ያሳሳዋል።

የእርስዎም መኪና ዕድሜ የጠገበች ከሆነች ቤተሰብ ይዘው ሲወጡ ማልደው ይነሱ። የራዲያተሩን ውሃና የቬንትሌተሩን ቺንጋ አስቀድመው ይዩ። ሞተሩ መንቀጥቀጥ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሱ። የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ ኤሲውን ያጥፉና ጥላ ይፈልጉ፤ የጋለ ራዲያተር ግን በፍጹም አይክፈቱ። ሲመለሱ ቁልቁለቱን በወጡበት ማርሽ ይውረዱት፤ ፍሬን ብቻውን ከተያዘ ይግልና ይከዳል።

ምንም ዓይነት ሞተር የማይረታው ደቻቱን ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ውሃው የሚመጣው ከደጋው ስለሆነ ድሬ ላይ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ሊደርስ ይችላል። የሚሮጥ ውሃ ጉልበት ሳይደርስ እንኳ መኪና ይገፋል፤ በአየር ማስገቢያው ከገባም ሞተሩን ይሰብራል። በክረምት አሸዋው ላይ አያቁሙ፣ ልጆችም እንዲጫወቱበት አይተዉ። ወንዙ ከሞላ ከዚራ ላይ አንድ ቡና ይጠጡ፤ መጋላ የትም አትሄድም።